እናት «ልጄ ነው» ስላሉ ብቻ ሮጀር አይሆንም፦ ስለ ቲችቦርን ክርክር ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝን ለዓመታት ለሁለት ከፍሎ ያነጋገረውን የቲችቦርን የውርስ ክርክር አንሥቶ፣ «እውነተኛው ወራሽ ሥጋ ሻጭ ሆኖ ስለተገኘ ተካደ፣ ታሰረ፣ ደኽይቶ ሞተ» ይለናል። ጽሑፉ ልብ ይነካል፤ ለድኻ መቆርቆሩንም አከብራለሁ። ነገር ግን የችሎቱ መዝገብ የሚናገረውና ጽሑፉ የሚለው አይገጥሙም። የሚለያዩትም በጥቃቅን ነገር ሳይሆን ጉዳዩ በሙሉ በተንጠለጠለባቸው ነጥቦች ላይ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሮጀር ቲችቦርን በ1829 ፓሪስ ተወለደ። ቤተሰቡ በሃምፕሸር ሰፊ ርስትና ባሮኔት የሚባል የሚወረስ ማዕረግ ያለው ነባር የካቶሊክ ቤተሰብ ነበር፤ ርስቱ በዓመት ከ20,000 ፓውንድ በላይ ያስገባል። ሮጀር እስከ 16 ዓመቱ ፓሪስ አደገ፣ ከ1845 እስከ 1848 በስቶኒኸርስት የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ተማረ፣ በ1849 ካራቢኒየርስ በሚባለው ፈረሰኛ ክፍለ ጦር መኮንን ሆኖ ገባ። የዘመዱን ልጅ ካትሪን ዳውቲን ወደደ፤ ቤተሰቡ ጋብቻውን ስላልፈቀደ በ1853 ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደ። ኤፕሪል 20 ቀን 1854 «ቤላ» በምትባል መርከብ ተሳፍሮ ከሪዮ ዴ ጃኔይሮ ተነሣ። ከአራት ቀን በኋላ የቤላ ስም ያለበት የተገለበጠ ጀልባ ባሕር ላይ ተገኘ። ሰው ግን አልተገኘም፤ በ1855 ሮጀር በሕግ ሟች ተባለ።

አባቱ ሰር ጄምስ በ1862 ሲሞቱ ማዕረጉ ለታናሽ ወንድሙ ለአልፍሬድ አለፈ። እናቱ ሌዲ ቲችቦርን ግን ልጃቸው እንዳልሞተ አምነው በየጋዜጣው አስነገሩ። በ1865 ማስታወቂያው አውስትራሊያ ደረሰ፤ በዋጋ ዋጋ ከተማ ቶማስ ካስትሮ በሚል ስም የሚኖር፣ የከሰረ ሥጋ ሻጭ «ሮጀር እኔ ነኝ» አለ። የዘመኑ ሰዎች እንዳደረጉት እኔም ይህን ሰው «ይገባኛል ባዩ» እያልኩ እቀጥላለሁ። በ1866 መጨረሻ ለንደን ገባ፤ በጃንዩዌሪ 1867 ፓሪስ ላይ እናቲቱ «ልጄ ነው» አሉ። ከ1871 እስከ 1872 ርስቱን ለማስመለስ በፍትሐ ብሔር ተከራከረ፤ ቀጥሎ በሐሰት በመማል ተከሶ ከ1873 እስከ 1874 በወንጀል ችሎት ቀረበ፣ 14 ዓመት ተፈረደበት።

ጸሐፊው የሚያነሧቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው። እናት ልጇን አትስትም። የቤተሰቡ የቀድሞ አሽከር አንድሩ ቦግል፣ የክፍለ ጦሩ ሰዎችና ሌሎች ብዙ ምስክሮች አውቀውታል፤ እንግዳ ሰው ሊያውቀው የማይችለውንም የሮጀርን ሕይወት ዝርዝር ተናግሯል። ፈረንሳይኛ መርሳቱ ከዓመታት ችግር በኋላ የሚጠበቅ ነው። በሰውነቱ ላይ ያለው ልዩ ምልክት ሮጀር መሆኑን ያረጋግጣል። «የለንደን ሥጋ ሻጭ ልጅ የሆነው መርከበኛ አርተር ኦርተን ነው» የተባለው በገንዘብ የተቀጠሩ መርማሪዎች የፈጠሩት ነው፤ ኋላ ራሱ «ኦርተን ነኝ» ብሎ መናዘዙም በገንዘብ የተገዛ ነው። በመጨረሻም የፍትሐ ብሔሩ ክስ ሳይፈረድ ተቋርጧል፣ የወንጀሉ ዳኛም ወገንተኛ ነበሩ፤ ስለዚህ ሰውየው በሕግ ፊት ተሸንፎ አያውቅም። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ሦስቱ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ በየቦታው እናገራለሁ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ጽሑፉ በጭራሽ ያልተጠቀመበትን አንድ መለኪያ ላስቀምጥ። «እኔ እገሌ ነኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ዋናው ጥያቄ ምን ያህል ያውቃል ብቻ አይደለም፤ መቼ አወቀው የሚለው ነው። ይገባኛል ባዩ ማንንም የቤተሰቡን ሰው ሳያገኝ በፊት የተናገረውን በአንድ ወገን፣ ካገኘ በኋላ የተናገረውን በሌላ ወገን እንለየው። የክርክሩ ቁልፍ እዚያ ነው።

በመጀመሪያው ወገን ያለው ምንድን ነው? ማስታወቂያው ራሱ ሮጀር በቤላ ተሳፍሮ ኤፕሪል 20 ቀን 1854 ከሪዮ መነሣቱን፣ ከዚያች መርከብ የተረፉ ሰዎችን ወደ አውስትራሊያ፣ ምናልባትም ወደ ሜልቦርን የሚሄድ መርከብ እንዳነሣቸው ወሬ መኖሩን፣ የሰር ጄምስ ልጅና የርስቱ ሁሉ ወራሽ መሆኑን፣ የፀጉሩንና የዓይኑን ቀለም ሳይቀር ይዘረዝራል። የይገባኛል ባዩ ታሪክ ደግሞ ምን ሆነ? ቤላ ሰጠመች፣ ሌላ መርከብ አነሣኝ፣ ሜልቦርን አወረደኝ። ከማስታወቂያው የጨመረው ብዙም የለም። ማስታወቂያው ያልነገረውን በራሱ መሙላት በነበረበት ቦታ ግን ወደቀ። በ1866 ከአውስትራሊያ ሳይነሣ፣ ጠበቃው ዊልያም ጊብስ ባሉበት የውርስ ኑዛዜ ፈርሞ ነበር። በዚያ ኑዛዜ ላይ የእናቱ ስም «ሃና ፍራንሲስ» ተብሎ ተጽፏል። የሌዲ ቲችቦርን ስም ሄንሪየት ፌሊሲቴ ነው። ቤተሰቡ ኖሮት የማያውቅ መሬትም እንደ ርስቱ ቆጥሮ በዚያው ወረቀት አውርሷል። ጸሐፊው «የዓመታት ጉስቁልና ትዝታን ያደበዝዛል» ብለዋል። የትምህርት ቤት ጓደኛን ስም ይደበዝዝ ይሆናል። የእናት ስም ግን?

አሁን ወደ እናቲቱ። ይህን ነጥብ ጸሐፊው የጽሑፋቸው ምሰሶ ስላደረጉት እኔም እዚህ ላይ ልቆይ። ሌዲ ቲችቦርን አልዋሹም። እናትነታቸውንና ሐዘናቸውን የሚጠራጠር ካለ እኔ አብሬው አልቆምም። ነገር ግን «እናት ልጇን አየች፣ አወቀችውም» የሚለው የነገሩን ቅደም ተከተል ይገለብጣል። እናቲቱ ሰውየውን ያወቁት ከማየታቸው በፊት ነው። ገና አውስትራሊያ ሳለ የላከው ወሬ እሳቸው ከሚያውቁት ጋር አልገጥም ሲላቸው ለጊብስ የጻፉት ቃል ተመዝግቦ ይገኛል፤ ምስኪን ሮጀር እንደ ሕልም ነገር ሁሉ በጭንቅላቱ ይደባለቅበታል፣ የሚናገረው እኔ ከምለው ቢለይም ልጄ መሆኑን አምናለሁ ብለዋል። ይህ ቃል የማወቅ ቃል አይደለም፤ የመወሰን ቃል ነው። ማስረጃው ቢጣረስም እምነቱ እንዲጸና አስቀድሞ ተወስኗል።

የፓሪሱ ግንኙነትም ጽሑፉ እንዳሳመረው አልነበረም። ይገባኛል ባዩ ታምሜአለሁ ብሎ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ በክረምት ቀን፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ። እናቲቱ እዚያ ሄደው አዩት፣ ጆሮው የአጎቱን ይመስላል አሉ፣ ተቀበሉት። ጸሐፊው ያልነገሩን ደግሞ ይህ ነው፦ ሮጀርን በልጅነቱ ያስተማሩት ሻቲዮን የሚባሉት መምህር እዚያው ፓሪስ አዩት፤ «ይህ ሮጀር አይደለም» አሉ። ልጁን ዓመታት ሙሉ ጎናቸው አስቀምጠው ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ከሚመጣው ውርስም የሚያገኙት አልነበረም። የእናትን ምስክርነት ጠቅሶ የመምህሩን መተው ሚዛን አይደለም።

እናቲቱ በዓመት 1,000 ፓውንድ ቆረጡለት። ሮጀር ከደቡብ አሜሪካ የጻፋቸውንም ደብዳቤዎች በእጁ ሰጡት። በማርች 1868 አረፉ፤ ስለዚህ ምስክርነታቸው በመስቀለኛ ጥያቄ ተፈትኖ አያውቅም። ደብዳቤዎቹን ልብ ይሏል፤ ቀጥሎ ላለው ነጥብ ያስፈልጉናል።

ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች በፍትሐ ብሔሩ ችሎት መስክረውለታል መባሉ እውነት ነው። አብዛኞቹም ቅን ሰዎች ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ግን ከ1866 አጋማሽ ወዲህ በዚህ ሰው ዙሪያ እነማን እንደተሰበሰቡ እንይ። ሲድኒ ላይ አንድሩ ቦግል አገኘው። ቦግል ጃማይካ የተወለዱ፣ የሮጀርን አጎት ሰር ኤድዋርድን ለብዙ ዓመት ያገለገሉ፣ ቤቱን ከነጓዳው የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ አብረውት በአንድ መርከብ ወደ እንግሊዝ ተጓዙ። እንግሊዝ ሲደርስ በሮጀር ክፍለ ጦር ያገለገሉ ካርተርና ማካን የተባሉ ሁለት ወታደሮችን ቀጥሮ ቤቱ አስገባ። የቤተሰቡ የቀድሞ ጠበቃ ኤድዋርድ ሆፕኪንስ አመነው። የቤተሰቡን የዘር ሐረግና ታሪክ በጥልቀት ያጠናው የዊንቸስተሩ ፍራንሲስ ቤጀንትም አመነው። ከእናቲቱ ደግሞ የሮጀር ደብዳቤዎች መጡ። የቤቱ አሽከር፣ የክፍለ ጦሩ ወታደሮች፣ ጠበቃው፣ የዘር ሐረግ አዋቂው፣ የራሱ የሮጀር ጽሑፍ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገኝ ስለ ፈረሶቹ፣ ስለ መኮንኖቹ ቅጽል ስም፣ በየግድግዳው ስለተሰቀለው ሥዕል ማወቅ ምን ይገርማል? እነዚህ ሰዎች ሆን ብለው አሠልጥነውታል ማለቴም አይደለም። ያመነ ሰው ያወራል፣ ያስታውሳል፣ «ያ ጊዜ ትዝ ይልሃል?» ይላል፤ ሰሚው ደግሞ ይይዛል። በኋላ የመጣ ምስክር ይህን ሁሉ ሲሰማ «እሱ ባይሆን ይህን ከየት አመጣው?» ይላል። የምስክሮቹ ቁጥር የበዛው በዚህ መንገድ ነው፤ ብዙዎቹ አንዱ በሌላው ላይ የተደገፉ እንጂ እያንዳንዱ በራሱ የቆመ ማስረጃ አልነበሩም።

ስለ ቦግል አንድ ነገር ልጨምር። ቤተሰቡ በዓመት 50 ፓውንድ የነበረውን ጡረታቸውን ከይገባኛል ባዩ ጋር በመቆማቸው ቆረጠባቸው። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ቃላቸውን አልለወጡም። ጸሐፊው ይህን የጽናት ምልክት አድርገው ማቅረባቸው ተገቢ ነው፤ ቤተሰቡም ያደረገው አሳፋሪ ነው። ጽናት ግን የሰውየውን ቅንነት እንጂ የፍርዱን ትክክለኛነት አያሳይም።

ፈረንሳይኛን በተመለከተ ጽሑፉ «አሥራ ሁለት ዓመት ያልተናገሩት ቋንቋ ይጠፋል» ብሎ ያልፋል። ሮጀር ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው አልነበረም፤ ፈረንሳይኛ የአፍ መፍቻው ነበር። እስከ 16 ዓመቱ የኖረበት፣ ያሰበበት፣ የጸለየበት ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛውን እንኳ በፈረንሳይኛ ቅላጼ ስለሚናገር ጓደኞቹ መኮንኖች ይቀልዱበት ነበር። ሰው እስከዚያ ዕድሜ የኖረበትን ቋንቋ ለረጅም ዘመን ካልተናገረው ቃል ይጠፋበታል፣ ይንተባተባል፣ ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል፤ ሲነገረው ግን ይሰማል፣ ቅላጼውም ከምላሱ አይወጣም። በስደት ያደጉ ልጆችን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። ይገባኛል ባዩ ግን መናገር ብቻ ሳይሆን መስማትም አልቻለም፤ የፈረንሳይኛ ቅላጼም አልነበረው። ያ ብቻ አይደለም፦ ስቶኒኸርስት ስለተማረው ሲጠየቅ ላቲንና ግሪክን አምታታ፣ ኬሚስትሪ ምን እንደሆነም አላወቀም። የፈረንሳይኛውን መጥፋት በጉስቁልና ብናብራራ እንኳ ትምህርቱም፣ ቅላጼውም፣ የእናቱም ስም አንድ ላይ የጠፉበትን ምክንያት ጸሐፊው ሊነግሩን ይገባል።

የሰውነት ምልክት። ውፍረቱን እኔም እተወዋለሁ። ሮጀር ቀጭን ነበር፤ ይገባኛል ባዩ እንግሊዝ ሳለ ከ130 ኪሎ በላይ መዘነ፤ ሰው ይወፍራል፣ ይህ ለማንም ማስረጃ አይሆንም። ጸሐፊው የሚመኩበት ልዩ ምልክት ዶክተር ሊፕስኮም ሰውየውን መርምረው የመዘገቡት የብልት አፈጣጠር ነው። ምልክቱ በይገባኛል ባዩ ላይ መኖሩ ተመስክሯል፤ ጥያቄው በሮጀር ላይ ነበር ወይ የሚለው ነው። በሮጀር ላይ እንደነበር ከግምትና ከሰሚ ሰሚ ያለፈ ማስረጃ አልቀረበም። ለማነጻጸር ሁለት ወገን ያስፈልጋል፤ እዚህ ያለው አንድ ወገን ብቻ ነው።

በተቃራኒው በሮጀር ላይ እንደነበረ በመሐላ የተመሰከረ ምልክት አለ። ሎርድ ቤልዩ ከሮጀር ጋር ስቶኒኸርስት ተማሪ ነበሩ። በሮጀር ክንድ ላይ የመስቀል፣ የልብና የመልሕቅ ንቅሳት እንደነበረ፣ ከሥሩም የስሙን መጀመሪያ ፊደላት ራሳቸው እንደነቀሱለት መሰከሩ። ይገባኛል ባዩ ክንድ ላይ ምንም አልነበረም። በማርች 4 ቀን 1872 ጁሪው (ፍርድ እንዲሰጡ ከሕዝብ የተመረጡት ሰዎች) «ይበቃናል፣ ተጨማሪ ምስክር አያስፈልገንም» ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በወንጀሉ ችሎት የተከሳሹ ጠበቃ ኤድዋርድ ኬኔሊ የቤልዩን የትዳር ታማኝነት አንሥቶ ስማቸውን አጎደፈ። ያመነዘረ ሰው ስለ ንቅሳት ሊዋሽ ይችላል እንበል፤ ግን የሚዋሽበት ምክንያት ምንድን ነው? ኬኔሊ ለዚህ መልስ አላመጣም፤ ጽሑፉም አላመጣም።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ጽሑፉ የታሸገውን ወረቀት ጨርሶ አለማንሣቱ ነው። የክርክሩ ዋነኛ ፈተና ይህ ነበር። ሮጀር ከመሄዱ በፊት ለርስቱ አስተዳዳሪ ለቪንሰንት ጎስፎርድ አንድ የታሸገ ወረቀት አደራ ሰጥቶ ነበር። ጎስፎርድ የሮጀር መሞት ከታመነ በኋላ ወረቀቱን አጠፋው። ስለዚህ «ምን ተጽፎበት ነበር?» የሚለው ጥያቄ ማንም ሊያሠለጥን የማይችለው ጥያቄ ሆነ፤ ከቦግልም፣ ከወታደሮቹም፣ ከእናቲቱም አይገኝም። ይገባኛል ባዩ በ1871 በተከሳሹ ወገን ጠበቃ በጆን ዱክ ኮለሪጅ መስቀለኛ ጥያቄ ሥር በመሐላ መለሰ፦ ካትሪንን ከክብር እንዳሳነሳት፣ ወረቀቱም እርጉዝ ሆና ብትገኝ ምን እንደሚደረግ የሚያዝ መመሪያ እንደነበረ ተናገረ። ካትሪን በዚያን ጊዜ ሌዲ ራድክሊፍ የምትባል ባለትዳር ነበረች፤ ይህ ሁሉ በአደባባይ ችሎት ተነገረባት።

ካትሪን ግን የወረቀቱ ቅጂ ነበራት። ሮጀር በራሱ እጅ ጽፎ የሰጣት፣ ጁን 22 ቀን 1852 የተጻፈ ቅጂ። ይዘቱም ስእለት ነበር፤ በዚያ ዓመት ወይም ቢዘገይ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ካትሪንን ካገባ ለቅድስት ድንግል ቲችቦርን ላይ ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ቃል የገባበት። ማርያምን ለምኖ የተሳለ ወጣት የጻፈውን ወረቀት፣ ያን ወረቀት ጽፌአለሁ የሚል ሰው «ስለ እርግዝና ነበር» አለ። ሰው ስእለቱን እንደዚህ አይረሳም። ቢረሳ እንኳ «ረሳሁ» ይላል እንጂ የሚወዳትን ሴት ስም የሚያረክስ ታሪክ በቦታው አይተካም። ጸሐፊው ስለ ሰውየው ክብር ሲከራከሩ የካትሪንን ክብር አለማንሣታቸው አንባቢን ያሳስታል። በኋላ ከተከሰሰባቸው የሐሰት ቃሎች አንዱም ይኸው ነበር።

«ኦርተን የመርማሪዎች ፈጠራ ነው» ወደሚለው እንለፍ። የቤተሰቡ ወገን ጆናታን ዊቸርን የመሰለ ስመ ጥር መርማሪ መቅጠሩ እውነት ነው። ገንዘብ እንደነበራቸውም አልክድም። ነገር ግን ወደ ኦርተን የሚወስደውን ዱካ የተዉት መርማሪዎቹ አይደሉም። ይገባኛል ባዩ የገና ዕለት 1866 ለንደን ሲገባ በመጀመሪያ የሌዲ ቲችቦርንን አድራሻ ጠየቀ፤ ፓሪስ ናቸው ተባለ። ይህ ተገቢ ነው። በዚያው ምሽት ግን ወደ ምሥራቅ ለንደን፣ ወደ ዋፒንግ ወርዶ ግሎብ የሚባል መጠጥ ቤት ገብቶ ስለ ሥጋ ሻጩ ስለ ኦርተን ቤተሰብ ጠየቀ፤ የአርተር ኦርተን ጓደኛ ነኝ፣ አርተር አሁን በአውስትራሊያ ከታወቁት ባለጸጎች አንዱ ነው አለ። መሄዱን በኋላ ራሱ አምኗል። ለኦርተን እኅቶችም ገንዘብ ይልክላቸው ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ ከሞት ተነሥቶ የመጣ የባሮኔት ልጅ በመጀመሪያው ምሽቱ፣ በገና ምሽት፣ የሚፈልገው የዋፒንግ ሥጋ ቤት ነው?

የቺሌው ዱካም እንዲሁ ከራሱ አፍ የወጣ ነው። ካስትሮ የሚለውን ስም የወሰደው ሜሊፒያ ከሚባል የቺሌ ከተማ ከሚያውቀው ሰው መሆኑን የተናገረው እሱ ነው። ሮጀር ቺሌ ስለነበረ ይህ ይጠቅመኛል ብሎ ይሆናል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ደረሰ። ሜሊፒያ ተሄዶ ሲጠየቅ የካስትሮ ቤተሰብ ቲችቦርን የሚባል ሰው አናውቅም አሉ፤ የሚያውቁት አርቱሮ የሚባል እንግሊዛዊ ልጅ ነበር። አርተር ኦርተን በ1849 ቫልፓራይሶ ላይ ከመርከብ ከድቶ ሜሊፒያ የኖረ የዋፒንግ መርከበኛ ነው። ሮጀር ቺሌ የደረሰው በ1853 ነው፤ ያኔ ኦርተን ወደ አገሩ ተመልሶ፣ እንደገና ወደ ታዝማኒያ ሄዷል። የኦርተን የቀድሞ የዋፒንግ ፍቅረኛ ሜሪ አን ሎደርም ሰውየውን አይታ «አርተር ኦርተን ነው» ብላለች።

ደግሞም ኦርተን ባይሆን እንኳ ሮጀር አይሆንም። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ጸሐፊው ግን ኦርተንነቱን በመጠራጠር ሮጀርነቱን ያረጋገጡ ይመስላቸዋል። እዚህ ላይ የቤላ ጉዳይም ይነሣል። ከቤላ ተርፌ ሜልቦርን ወረድኩ ያለው ሰው አብሮት የተረፈ አንድ ሰው እንኳ አላመጣም። በወንጀሉ ችሎት ዣን ሉዊ የሚባል የዴንማርክ መርከበኛ ብቅ አለ፤ ቤላ ላይ የነበሩ ስድስት ሰዎችን «ኦስፕሬይ» በምትባል መርከብ እኔ ነኝ ያነሣሁ አለ። ሲመረመር ከእስር የወጣ የታወቀ አጭበርባሪ ሆኖ ተገኘ፣ በሐሰት ምስክርነት ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ከዚህ በላይ ደግሞ ቀላሉ ጥያቄ አለ፦ ሮጀር በሕይወት ቢኖር አንድ ደብዳቤ ብቻ ጽፎ ገንዘብ ማስመጣት ይችል ነበር። ከደቡብ አሜሪካ ለቤተሰቡ ሲጽፍ የነበረ ልጅ ከ1854 እስከ 1866 ድረስ ለምን ዝም አለ? ዕዳ አንቆት፣ ከስሮ እንኳ ለምን ዝም አለ?

በ1895 ለአንድ ጋዜጣ በገንዘብ ስለሰጠው ኑዛዜ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ለገንዘብ ተናዘዘ፣ ወዲያውም ካደ፤ ምንም አይመዝንም፣ ከላይ ካልኩት አንዱም በእሱ ላይ አልቆመም። በ1898 ሲሞት ሣጥኑ ላይ «ሰር ሮጀር ቻርልስ ዳውቲ ቲችቦርን» የሚል ካርድ እንዲቀመጥ ቤተሰቡ መፍቀዱን ጽሑፉ «የዘገየ እምነት» ብሎታል። ክርክሩ ካበቃ፣ ውርሱ ከጸና ከ24 ዓመት በኋላ ለሞተ ድኻ የተደረገ ምሕረት ነው፤ እምነት ቢሆን ኖሮ የልጅ ልጆቹን ርስት ያስለውጥ ነበር።

የቀረው የፍትሕ ጉዳይ ነው፤ ጸሐፊው በጣም የሚበረቱትም እዚህ ነው። የፍትሐ ብሔሩ ክስ ያለ ፍርድ መቋረጡ ልክ ነው። ያቋረጠው ማን ነው? ከሳሹ ራሱ። ክሱ ቲችቦርን ቤትን ተከራይተው ይኖሩ በነበሩት በኮሎኔል ሉሽንግተን ላይ የቀረበ ርስት የማስለቀቅ ክስ ነበር። 102 ቀን ከተሰማ በኋላ፣ የከሳሽ ምስክሮች በሙሉ ተሰምተው ካለቁ በኋላ፣ ጁሪው ይበቃናል ሲል የከሳሹ ጠበቃ ባለንታይን ክሱን አነሡ። ጁሪው ሊፈርድለት ነበር ብሎ የሚያስብ ጠበቃ ክስ አያነሣም። «ድኻ ከባለጸጋ» የሚለው ሥዕልም ሙሉ አይደለም፦ ይገባኛል ባዩ ርስቱ ሲገባኝ እከፍላለሁ ብሎ ለሕዝብ ቦንድ ሸጦ ወደ 40,000 ፓውንድ አሰባስቧል፣ የፓርላማ አባላትና መኳንንት ደጋፊዎችም ነበሩት። ርስቱ ቢነጠቅ የሚነጠቀው ደግሞ በ1866 አባቱ አልፍሬድ ከሞተ በኋላ የተወለደው ሕፃን ሄንሪ ነበር።

የወንጀሉ ችሎት 188 ቀን ፈጀ። ዋና ዳኛው ሰር አሌክሳንደር ኮክበርን ለጁሪው የሰጡት ማጠቃለያ አንድ ወር ገደማ ወስዷል፤ በተከሳሹ ላይ ያዘነበለ እንደነበርም እቀበላለሁ። ኬኔሊ ዳኞቹን እየተሳደበ ነገሩን አባባሰው፤ ጁሪው ራሱ ምግባሩን አውግዟል። ሁለት የሰባት ዓመት ቅጣት ተከታትሎ 14 ዓመት መሆኑ ከባድ ነው፤ የጌቶች ምክር ቤት በ1881 ቢያጸናውም እኔ ከባድ እለዋለሁ። የዘመኑ ሕግ ደግሞ ተከሳሽ ለራሱ በመሐላ እንዲመሰክር አይፈቅድም ነበር፤ ይህ የተለወጠው በ1898፣ እሱ በሞተበት ዓመት ነው። ጸሐፊው «ድምፁን ሳያሰማ ተፈረደበት» ያሉት ከዚህ ተነሥተው ከሆነ በሕጉ ላይ ያላቸው ቅሬታ ትክክል ነው።

ድምፁ ግን ተሰምቷል። በ1871 በራሱ ክስ፣ በራሱ ፈቃድ፣ በመሐላ ለብዙ ቀናት ተናግሯል፤ የተከሰሰውም በዚያው ቃል ነው። ስለ ስእለቱ የሰጠው መልስ በችሎቱ መዝገብ ተጽፎ፣ ከካትሪን ቅጂ ጎን ተቀምጦ ለጁሪው ቀርቧል። ጁሪው ለመወሰን የወሰደበት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ነበር።